የዘፈን ደራሲው ሃንክ ዊልያምስ

በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ በአላባማ ግዛት ውስጥ በትለር የሚባል አውራጃ አለ። አካባቢው በጥድ ደን የተሸፈነ በመሆኑ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ነዋሪ የሚተዳደረው ጥጥ በማምረት፣ ግንድ በመቁረጥና እንጨት በመሰንጠቅ ነበር። በዚህ አውራጃ፣ ማውንት ኦሊቭ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1923 አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹም ሃይረም ብለው ስም አወጡለት። በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይሏል። ልጁ ካደገ በኋላ ሃይረም የሚለው ስም ለዘፋኝ የሚስማማ ሆኖ ስላላገኘው ሃንክ በሚል ለወጠው። ዓለምም የሚያውቀው በዚሁ በሁለተኛው ስሙ ነው።

ሃንክ ዊልያምስ የኖረው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። በሸክላ የተቀረጹ ዘፈኖቹም ከስድስት ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ይሁንና ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ ባላገር ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከእርሱ ስም ቀድሞ የሚጠራ ደራሲ ማግኘት ያስቸግራል። ካንትሪ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የፈለሱ ሰፋሪዎች ይዘዋቸው ከመጡ የትረካ ዘፈኖች፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙሮችና ከጥቁሮች የብሉዝ ዜማ ተደባልቆ በደቡብ ገጠሮች የተወለደ የሙዚቃ ዓይነት ነው። የከተማው ሰው ለብዙ ዘመን የማይምና የደሃ ጩኸት እያለ ሲንቀው ኖሯል። የሃንክ የሕይወት ታሪክ በከፊል ይህ ንቀት እንዴት እንደተሰበረ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

አባቱ ሎን ዊልያምስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፈረንሳይ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ ለአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ኩባንያ ግንድ የሚያጓጉዘውን ባቡር ይነዳ ነበር። በ1930 ሕመም ጸናበትና ለቀድሞ ወታደሮች ወደተቋቋመ ሆስፒታል ገባ። በዚያም ስምንት ዓመት ያህል ስለቆየ ልጁ ገና በሰባት ዓመቱ አባት እንደሌለው ሆኖ አደገ። የቤቱ ሸክም ሁሉ በእናቱ በሊሊ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሊሊ ቁመተ ረጅም፣ ጠንካራና በቀላሉ የማትበገር ሴት ነበረች። ጆርጂያና ወደምትባለው ከተማ ሄዳ ለሠራተኞች ምግብና መኝታ የሚከራይበት ቤት ከፈተች። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት አገሩን የመታበት ጊዜ ስለነበረ ሃንክም ታናሽ እጆቹን አላጠፈም። ኦቾሎኒ እየቆላ በየመንገዱ ይሸጥ፣ የመንገደኛ ጫማም ይጠርግ ነበር።

ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ጠላት አብሮት ነበር። የአከርካሪው አጥንት በአንድ ስፍራ በሚገባ ሳይገጥም ስለተፈጠረ ጀርባውን ዘወትር ያመው ነበር። የዕድሜ እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩና ፈረስ ሲጋልቡ እርሱ ዳር ቆሞ ይመለከታል። ግንድ ቆራጭም ሆነ ገበሬ ሊሆን እንደማይችል ገና በልጅነቱ ታውቆ ነበር። እናቱ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ስትጫወት አጠገቧ ባለው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ይዘምራል። የመዝሙሩ አካሄድ በጆሮው ውስጥ ለዘለዓለም ቀረ፤ ከጊዜ በኋላ ከደረሳቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ፣ ስለ መጠጥ ቤትና ስለ ከዳች ሚስት የሚናገሩት እንኳ ሳይቀሩ፣ አካሄዳቸው የመዝሙር ነው።

ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ዓመት ያህል በአክስቱ ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ። የአክስቱ ቤተሰብ የሚኖረው ግንድ ቆራጮች በሰፈሩበት ቀበሌ ነበር። በዚህ ዓመት ሁለት ነገሮችን ተማረ። አንደኛው፣ አክስቱ የጊታር አያያዝን ማሳየቷ ነው። ሁለተኛው መጠጥ ነው። ሠራተኞቹ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው ሲጨፍሩ ጠርሙሳቸውን በጫካ ውስጥ ስለሚደብቁ ልጆቹ ሰርቀው መቅመስ ጀምረው ነበር። ጊታሩም ጠርሙሱም እስከ ዕለተ ሞቱ ከእጁ አልተለዩም።

ወደ እናቱ ከተመለሰ በኋላ ሕይወቱን የለወጠውን ሰው አገኘ። ይህ ሰው ሩፈስ ፔይን የሚባል ጥቁር የጎዳና ሙዚቀኛ ነው፤ የአካባቢው ሰው ግን ቲ ቶት በሚል ቅጽል ስም ይጠራው ነበር። ፔይን በጆርጂያናና በግሪንቪል ከተሞች መንገድ ለመንገድ እየዞረ፣ ጊታር እየመታና እየቀለደ ከአላፊ አግዳሚው ሳንቲም ይለቅም ነበር። ሃንክ ከኋላው እየተከተለ ዋለ። ለትምህርቱ ጥቂት ሳንቲም ሲያገኝ ይከፍላል፤ ሲያጣ ደግሞ እናቱ ለመምህሩ ምግብ ትሰጠው ነበር።

ይህ ነገር በዚያን ዘመን አላባማ ምን ያህል እንግዳ እንደነበረ መገንዘብ ያስፈልጋል። ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፣ በአንድ ምግብ ቤት አይበሉም፣ በአንድ መቃብር ስፍራም አይቀበሩም ነበር። ልዩነቱ በሕግ የጸና ሲሆን ሕጉን የተላለፈ ጥቁር ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር። እንግዲህ አንድ ነጭ ልጅ ጥቁርን ሰው መምህሬ ብሎ በአደባባይ ሲከተለው አደጋው የበረታው ለልጁ ሳይሆን ለመምህሩ ነው። ፔይን ግን አላባረረውም። ሙዚቃን ኖታ በማንበብ አላስተማረውም፤ እርሱም ኖታ አያውቅም፤ ሃንክም እስኪሞት ድረስ አላወቀም። ያስተማረው ምት አጠባበቅን፣ የብሉዝን ሐዘንና ከሁሉም በላይ ደግሞ በፊቱ የቆመውን ሰው እንዴት ይዞ ማቆየት እንደሚቻል ነው። ሳንቲም ሳይጥል ሊያልፍ የነበረውን መንገደኛ ማስቆም ራሱን የቻለ ጥበብ ነውና። ሃንክ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ለጠየቁት ጋዜጠኞች፣ የሙዚቃ ትምህርት አገኘሁ የሚለው ከዚህ ሰው ብቻ መሆኑን ሳያፍር ይናገር ነበር። ፔይን ግን ይህን ለመስማት አልታደለም፤ በ1939 በሞንትጎመሪ ከተማ በድህነት እንዳለ ሞተ።

በ1937 ሊሊ ልጆቿን ይዛ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ሞንትጎመሪ ሄደችና በዚያም የኪራይ ቤት ከፈተች። ሃንክ በዚያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ቢሆንም ያሰበበትን ያውቅ ነበር። ከደብልዩ ኤስ ኤፍ ኤ ሬዲዮ ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ጊታሩን ይዞ እየተቀመጠ መዝፈን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ኢምፓየር በተባለው ቲያትር ቤት በተደረገ የጀማሪዎች ውድድር ራሱ የደረሰውን ዘፈን አቅርቦ የዐሥራ አምስት ዶላር ሽልማት አገኘ። የሬዲዮ ጣቢያውም ቆየት ብሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ እንዲዘፍን ቀጠረው፤ ደመወዙ በሳምንት ዐሥራ አምስት ዶላር ነበር። ድሪፍቲንግ ካውቦይስ ብሎ የሰየመውን የሙዚቃ ጓድ ያቋቋመው በዚሁ ጊዜ ነው። በ1939 ትምህርቱን አቋረጠ።

የሚቀጥሉት ዓመታት የልፋት ዓመታት ነበሩ። ጓዱ በየገጠሩ በሚገኙ የጭፈራ መጠጥ ቤቶች ይጫወት ነበር። እናቱ መኪና እየነዳች ሙዚቀኞቹን ታደርሳለች፤ በር ላይ ቆማም የመግቢያውን ሒሳብ ትቀበላለች። በእነዚህ ቤቶች ጠብ የማይነሣበት ሌሊት አልነበረም፤ ጠርሙስ በዘፋኙ ራስ ላይ ሲበር ማየት የተለመደ ነበር። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የጓዱ አባሎች ለውትድርና ተጠሩና ተበተኑ። ሃንክ በጀርባው ሕመም ምክንያት ስላልተመለመለ ሞቢል በተባለችው የወደብ ከተማ በመርከብ መሥሪያ ውስጥ ሠራ። ከዚያ በፊት በ1942 የሬዲዮ ጣቢያው በስካር ምክንያት አሰናብቶት ነበር። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም።

በ1943 ኦድሪ ሼፐርድ ከተባለች ወጣት ሴት ጋር ተዋወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር ላይ አንዳሉዥያ በምትባል ከተማ በአንድ የነዳጅ ማደያ ውስጥ ተጋቡ። ኦድሪ የምትፈልገውን የምታውቅ ሴት ስለነበረች ባሏ በመንደር ዘፋኝነት እንዲቀር አልፈቀደችም። ትዳራቸው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠብና እርቅ የሚፈራረቁበት ነበር። ይህ ጠብና እርቅ ለሁለቱ ሰዎች መከራ፣ ለዘፈኖቹ ደግሞ ምንጭ መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም።

በ1946 ሃንክ ቴኔሲ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ወደ ናሽቪል ተጓዘ። በዚያ ፍሬድ ሮዝ የሚባል ዝነኛ የዘፈን ደራሲና አሳታሚ ይኖር ነበር። ሮዝ በዚያች ቀን ከልጁ ጋር የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወት እንደነበረና የቀጫጫውን እንግዳ ዘፈን ለመስማት ጨዋታውን እንዳቋረጠ ይተረካል። የሰማው ነገር ስለማረከው የደራሲነት ውል አስፈረመው። ሮዝ ራሱ ቀድሞ ጠጪ ኖሮ መጠጥን የተወ ሰው በመሆኑ ለሃንክ ከአሳታሚነት በላይ እንደ አባት ሆነለት። የዘፈኖቹን ግጥም እየተመለከተ የተንዛዛውን ይቆርጥ፣ የተወላገደውን ያቀና ነበር። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች የዘፈኖቹ እውነተኛ ደራሲ ሮዝ ነው እስከማለት ደርሰዋል። ይህ አባባል ግን ሚዛን አይደፋም፤ ሮዝ ራሱ ከደረሳቸው ብዙ ዘፈኖች መካከል የሃንክን ዓይነት እንባ የሚያስመጣ የሚገኘው ጥቂት ነውና።

ስለ ግጥሞቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ የሃንክ ግጥም መጀመሪያ ገላጣ ይመስላል። የተሰወረ ኅብረ ቃል የለበትም። የሚጠቀምባቸው ቃላት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቃቸው ናቸው። በሌሊት የምትጮኽ ወፍ ድምፅ፣ የሚያልፍ ባቡር፣ የረገፈ ቅጠል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ የተዘጋ በር፤ ከእነዚህ በቀር የሚያነሣው ነገር ጥቂት ነው። ችሎታው ያለው በመምረጡና በማቆሙ ላይ ነው። አንድ ሐዘንተኛ ከሚናገረው በላይ አንድም ቃል አይጨምርም። በመኪና ሲጓዝና ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ባገኘው ወረቀት ላይ ስንኝ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 በሸክላ ያስቀረጸው፣ አልቅሼ በወጣልኝ የሚል ስሜት ያለው የብቸኝነት ዘፈኑ ስለ ሥነ ግጥም የሚጽፉ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚመረምሩት ሥራ ነው።

ኤም ጂ ኤም የተባለው ኩባንያ በ1947 ያሳተመለት ሸክላ ጥሩ ገበያ አገኘ። ነገር ግን የካንትሪ ዘፋኞች ሁሉ ሕልም የሆነው፣ ከናሽቪል በየቅዳሜው ምሽት በሬዲዮ የሚተላለፈው ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው ዝግጅት ሃንክን አልቀበልም አለ። የስካሩ ወሬ ቀድሞት ደርሶ ነበርና። ስለዚህ በ1948 ወደ ሉዊዚያና ግዛት ሄዶ በሽሪቭፖርት ከተማ ሉዊዚያና ሄይራይድ በተባለ ተመሳሳይ ዝግጅት ላይ መዝፈን ጀመረ። በዚያ ሳለ ላቭሲክ ብሉዝ የተባለውን ዘፈን አሳተመ። ነገሩ የሚያስገርም ነው፤ የዘፈን ደራሲ ተብሎ የሚታወቀውን ሰው ወደ ዝና ያወጣው ይህ ዘፈን የራሱ ድርሰት አልነበረም። በ1922 በኒውዮርክ ደራሲዎች የተጻፈና የተረሳ የቲያትር ቤት ዘፈን ነበር። ፍሬድ ሮዝ ዘፈኑን ስላልወደደው እንዳይቀረጽ ተከራክሯል። ሃንክ ግን ሲዘፍነው ሕዝቡ እንዴት እንደሚሆን በዓይኑ ስላየ አሻፈረኝ አለ። በ1949 የታተመው ሸክላ ለዐሥራ ስድስት ሳምንታት የካንትሪ ሙዚቃ አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ከዚህ በኋላ ኦፕሪ በሩን ከፈተ። ጁን 11 ቀን 1949 ሃንክ በናሽቪል በራይማን አዳራሽ መድረክ ላይ ወጣ። ይህ አዳራሽ መጀመሪያ የተሠራው ለመንፈሳዊ ስብከት ስለነበረ ታዳሚው የሚቀመጠው በቤተ ክርስቲያን አግዳሚዎች ላይ ነው። ዘፈኑን ሲጨርስ ሕዝቡ አላስወርድ ብሎ ስድስት ጊዜ ደግሞ እንዲዘፍን እንዳስገደደው ይነገራል። የኦቾሎኒ ሻጩ ልጅ በዚያች ምሽት የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነበር።

ቀጥለው የመጡት ሦስት ዓመታት በሥራ የተሞሉ ናቸው። አንዱ ዘፈን ሌላውን እየተከተለ አንደኛ ወጣ። ኮልድ ኮልድ ሃርት የተባለውን፣ ስለቀዘቀዘ ልብ የሚናገረውን ዘፈኑን ቶኒ ቤኔት የተባለው የኒውዮርክ ዘፋኝ በ1951 በከተማ ኦርኬስትራ ታጅቦ ሲዘፍነው በመላ አገሪቱ ተወደደ። ባላገርን ሲንቅ የኖረው ከተሜ የባላገሩን ስንኝ በቃሉ ያዘ። ሃንክ በዚያው ጊዜ ሉክ ዘ ድሪፍተር በሚል የብዕር ስም በዜማ ሳይሆን በንባብ የሚቀርቡ የምክር ግጥሞችን ያሳትም ነበር። ስሙን የሰወረው ደስታ ፈልገው በየመጠጥ ቤቱ ሸክላ የሚያስመርጡ ሰዎች ስብከት እንዳይገጥማቸው ተብሎ ነው። ስለ ስካርና ስለ ጥፋት በእነዚህ ሸክላዎች የመከረው ራሱ ሰካራሙ መሆኑን ያወቁ ጥቂቶች ነበሩ።

የጀርባው ሕመም እየባሰ ስለሄደ በ1951 መጨረሻ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሞቹ ዕረፍት ቢያዙም በቂ ዕረፍት አላደረገም። ሕመሙን ለማስታገስ ከመጠጡ ጋር ሞርፊንና ሌሎች ኃይለኛ መድኃኒቶችን ጨመረ። እነዚህን ከሚሰጡት አንዱ ሐኪም ነኝ ባይ አስመሳይ ነበር። በ1952 ኦድሪ ፈታችው። በየከተማው ትኬት ተሽጦ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እርሱ ሳይመጣ ይቀራል፤ ቢመጣም መቆም ይሳነዋል። በኦገስት ወር 1952 ኦፕሪ አባረረው። የሚገርመው በተባረረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጃምባላያ የተባለው አዲሱ ዘፈኑ በካንትሪ ሙዚቃ አንደኛ መውጣቱ ነው። በሴፕቴምበር ወር ወደ ስቱዲዮ ገብቶ ከዝነኞቹ ሥራዎቹ መካከል የሚቆጠሩትን አስቀረጸ፤ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ ይህ የመጨረሻው ነበር። በኦክቶበር ሁለተኛ ሚስቱን ሲያገባ ሰርጉ በኒው ኦርሊንስ የሕዝብ አዳራሽ፣ ትኬት ለገዛ ሰው ሁሉ ታየ። ከሰው ተለይቶ የሚያስቀረው የግል ነገር አልነበረውም ለማለት ይቻላል።

በዲሴምበር መጨረሻ ላይ በዌስት ቨርጂኒያና በኦሃዮ ግዛቶች ለሚያቀርባቸው ዝግጅቶች ከሞንትጎመሪ ተነሣ። መኪናውን የሚነዳለት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ቀጠረ። በረዶው ስለበረታ አውሮፕላን ለመሳፈር ያደረጉት ሙከራ ከሸፈ፤ የመጀመሪያውም ዝግጅት ተሰረዘ። ስለዚህ ሌሊቱን በመኪና ወደ ኦሃዮ መጓዝ ግድ ሆነ። ሃንክ ከኋላ ወንበር ላይ ካፖርቱን ለብሶ ተጋድሟል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1953 ሊነጋጋ ሲል ወጣቱ ነጂ ኦክ ሂል በምትባል ትንሽ ከተማ መኪናውን አቁሞ ቢነካው በድን ሆኖ አገኘው። ምርመራው የሞቱ ምክንያት የልብ ድካም ነው አለ።

ካንተን በተባለችው የኦሃዮ ከተማ አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ይጠብቀው ነበር። አስተዋዋቂው መሞቱን ሲናገር፣ በብዙ ዝግጅት መቅረቱን የሚያውቁ አንዳንዶች እንደ ተለመደው ማመካኛ ቆጥረው ሳቁ። ከመጋረጃው በስተኋላ ሙዚቀኞቹ ሃንክ ከደረሳቸው መዝሙሮች አንዱን መዘመር ሲጀምሩ ነገሩ እውነት መሆኑ ታወቀ፤ ሕዝቡም አብሮ ዘመረ።

ጃንዋሪ 4 ቀን በሞንትጎመሪ የሕዝብ አዳራሽ በተደረገው ቀብር ላይ ወደ ሃያ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ተሰበሰበ። አዳራሹ የያዘው ከሦስት ሺህ በታች በመሆኑ የቀረው በውጭ ቆመ። ሕጉ እንደሚያዘው ጥቁሮቹ ለብቻቸው ሰገነት ላይ ተቀመጡ። ከዘመሩት መካከል ግን አንዱ የጥቁሮች የመዝሙር ቡድን ነበር።

ከሞተ በኋላ የታተሙት ሸክላዎች በዚያው ዓመት ተራ በተራ አንደኛ ወጡ። በ1961 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ሲከፈት በመጀመሪያ ከሰፈሩት ሦስት ስሞች አንዱ የእርሱ፣ ሌላው የፍሬድ ሮዝ ነበር። በ1962 ታላቁ ጥቁር ዘፋኝ ሬይ ቻርልስ የሃንክን ዘፈኖች በራሱ መንገድ ተጫውቶ በሸክላ አወጣቸው፤ እንዲህ ሆኖ ፔይን በጎዳና ላይ ያስተማረው ብሉዝ በአንድ ነጭ ልጅ በኩል ዞሮ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። የፑሊትዘር ሽልማት ሰጪዎች ደግሞ በ2010፣ ከሞተ ከሃምሳ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ስለ ደራሲነቱ ልዩ የክብር ማስታወሻ ሰጡት።

ሃንክ የተቀበረው በሞንትጎመሪ ነው። መቃብሩ ላይ ትልቅ ሐውልት ቆሟል፤ ጎብኚም አይለየውም። በዚያችው ከተማ፣ የጥቁሮች መቃብር በነበረው በሊንከን የመቃብር ስፍራ፣ ለሩፈስ ፔይን የተተከለ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። የተቀበረበት ጉድጓድ የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ድንጋዩ የቆመው በግምት ነው።